ቁልፉ ተናግሯል፤ ያልሰማው ማነው?

(በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር፣ እንደተነገረው የተጻፈ)

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! እንኳን በደኅና መጣችሁ። ይህን መድረክ ላዘጋጃችሁልን ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ማውስ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ እስቲ እጃችሁን ማውሱ ላይ አሳርፉ። አሁን አውራ ጣታችሁን ብቻ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራቱት። ምን ነካችሁ? ብዙዎቻችሁ ጎን ላይ ያሉትን ሁለት ቀጠን ያሉ ቁልፎች ነክታችኋል። እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ፤ እነዚያን ሁለት ቁልፎች ለመጨረሻ ጊዜ ሥራ ያሠራችኋቸው መቼ ነው?

ዝም አላችሁ። ከኋላ የተቀመጠው ወንድሜ "ሊኑክስ ላይ አይሠሩም" አለ። አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። ዛሬ የመጣሁት ለዚች ቃል ነው፤ "አይሠሩም" ለምትለው ቃል።

እኔም ለዓመታት "አይሠሩም" እያልኩ ኖሬአለሁ። አሁን ግን ይህን በሙሉ ልቤ እላችኋለሁ፦ ስትጫኑት ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ይናገራል። ከጣታችሁ ተነሥቶ እስከምትሠሩበት ፕሮግራም ድረስ ረጅም መንገድ አለ፤ ድምፁ የሚጠፋው እዚያ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ነው። ስለዚህ "ለምን አይሠራም?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ድምፁ የት ላይ ጠፋ?" ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ ደጋግሜ አነሣዋለሁ፤ አትሰልቹኝ።

ሦስት ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። አንደኛ መንገዱን አሳያችኋለሁ። ሁለተኛ ድምፁ የጠፋበትን ቦታ እንዴት እንደምናገኝ እንነጋገራለን። ሦስተኛ ለተገኘው ቁልፍ እንዴት ሥራ እንደምንሰጠው እናያለን።

መንገዱን ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ዳግላስ ኤንገልባርትና ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠሩት የመጀመሪያው ማውስ የእንጨት ሳጥን ነበር፤ ቁልፉም አንድ ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1968 ለሕዝብ ሲያሳዩት ሦስት ሆኗል። ከዚያ በኋላ ሦስት ቁልፍ ለረጅም ዘመን እንደ ሕግ ቆየ። ሕግ ስል እንዲያው ለማጋነን አይደለም። ፒኤስ 2 በምንለው ክብ መሰኪያ የሚሠራ ተራ ማውስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሦስት ባይት ይልካል። በመጀመሪያው ባይት ውስጥ ለቁልፍ የተመደበው ቦታ ሦስት ቢት ነው፦ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለመሃል። አራተኛ ቁልፍ ቢኖርስ? ስሙን የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ገባችሁ? ቁልፉ ቢኖርም የሚናገርበት አፍ አልተሰጠውም።

ታዲያ መሽከርከሪያ ያላቸውና አምስት ቁልፍ ያላቸው ማውሶች ሲመጡ ምን ተደረገ? ይህን ታሪክ በጣም ነው የምወደው፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ። አሮጌው አሠራር እንዳይፈርስ ተብሎ የምሥጢር ቃል ተበጀ። ኮምፒውተሩ ማውሱን "በሴኮንድ ይህን ያህል ጊዜ አሳውቀኝ" እያለ ሦስት ትእዛዝ ያከታትልበታል፦ 200፣ ቀጥሎ 100፣ ቀጥሎ 80። ከዚያ "ማን ነህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። ተራው ማውስ ትእዛዙን እንደ ትእዛዝ ይቀበልና እንደ ወትሮው 0 ብሎ ይመልሳል። መሽከርከሪያ ያለው ግን ይህን ቅደም ተከተል ያውቀዋል፤ 3 ብሎ ይመልስና ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አራተኛ ባይት መላክ ይጀምራል። ከዚያ ሌላ ማንኳኳት ይመጣል፦ 200፣ እንደገና 200፣ ቀጥሎ 80። አምስት ቁልፍ ያለው 4 ብሎ ይመልስና በአራተኛው ባይት ላይ የጎን ቁልፎቹንም ማሳወቅ ይጀምራል። በዚያ ባይት ውስጥ አራት ቢት ለመሽከርከሪያው፣ ከእነሱ ቀጥለው ያሉት ሁለቱ ደግሞ ለጎን ቁልፎቹ ናቸው። አያችሁ? በሩን በትክክል ካላንኳኩለት ማውሱ ጎኑ ላይ ቁልፍ እንዳለው እንኳ አይናገርም።

በዚያ ዘመን እኛ ራሳችን ነበርን የምናንኳኳው። መስኮቶችን ገጹ ላይ የሚያሳየውን የኤክስን የማዋቀሪያ ፋይል ትከፍታለህ፣ የማውሱን ቋንቋ ስም በእጅህ ትጽፋለህ፣ የቁልፎቹን ብዛት 7 ትላለህ፤ አምስቱ እውነተኛ ቁልፎች፣ ሁለቱ መሽከርከሪያው ወደ ላይና ወደ ታች ሲዞር የሚቆጠሩ። አንድ ሌሊት ይህን ሳደርግ አንድ ክፍል የሚዘጋበትን መስመር ሳልጽፍ ቀረሁ። ኮምፒውተሩን እንደገና ሳስነሣው መስኮት የለ፣ ጠቋሚ የለ፤ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ታናሽ እህቴ በማግስቱ ፈተና ነበራት፤ የምታጠናው ጽሑፍ ያለው እዚያው ውስጥ ነው። ከኋላዬ መጥታ ቆመችና "ወንድም ጋሼ፣ ጽሑፌ ጠፋ እንዴ?" አለችኝ። ድምፅዋ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጽሑፉ አልጠፋም ነበር፤ የጎደለችውን አንዲት መስመር አግኝቼ እስክጽፋት ድረስ ግን ሊነጋ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ማንኛውንም የማዋቀሪያ ፋይል ከመንካቴ በፊት ቅጂውን ሳላስቀምጥ አልፌ አላውቅም። እናንተም ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ አንድ ፋይል የምትነኩ ከሆነ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ቅጂ።

ዛሬ ያ ሁሉ ጣጣ የለም። የዩኤስቢ ማውስ ሲሰካ ራሱን ያስተዋውቃል፤ "ይህን ያህል ቁልፍ አለኝ፣ መሽከርከሪያ አለኝ" የሚል መግለጫ የስርዓቱ እምብርት ለሆነው ለከርነሉ ያስረክባል። ከርነሉም ለእያንዳንዱ ቁልፍ ስምና ቁጥር ይሰጠዋል፦ ግራ 272፣ ቀኝ 273፣ መሃል 274፣ የመጀመሪያው የጎን ቁልፍ "ሳይድ" 275፣ ሁለተኛው "ኤክስትራ" 276። ከከርነሉ ሊብኢንፑት የሚባለው ክፍል ይቀበለዋል፤ እሱ መስኮቶቹን ለሚያሳየው ለማሳያ አገልጋዩ፣ ለአሮጌው ለኤክስ ወይም ለአዲሱ ለዌይላንድ፣ ያስረክባል። ማሳያ አገልጋዩ ደግሞ ለፕሮግራሙ።

አሁን ብዙ ሰው ግራ የሚያጋባውን ነገር ልንገራችሁ። አንዱ መመሪያ "ቁልፍ 4" ይላል። ሌላው "ቁልፍ 8" ይላል። ሦስተኛው "275" ይላል። የቱ ነው ትክክል? ሁሉም ትክክል ናቸው! አንድ ቁልፍ ነው፤ በየደረሰበት ስሙ ይለወጣል። ማውሱ ራሱ አራተኛ ቁልፌ ይለዋል። ከርነሉ 275 ይለዋል። ኤክስ 8 ይለዋል። ለምን 8? ኤክስ መሽከርከሪያውን እንደ ቁልፍ ስለሚቆጥረው ነው፤ ወደ ላይ 4፣ ወደ ታች 5፣ ወደ ግራ 6፣ ወደ ቀኝ 7። የጎን ቁልፎቹ ሲመጡ ወንበሩ ተይዟል፤ ስለዚህ 8 እና 9 ላይ ተቀመጡ። መመሪያ ስታነቡ ከምንም በፊት "ይህ ሰው በየትኛው ስም እየጠራው ነው?" በሉ። እኔ ከዚህ ጥያቄ የበለጠ የሰዓት ቆጣቢ አላገኘሁም።

መንገዱ ይኸው ነው። ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ እዚህ ላይ እቆያለሁ።

ድምፁ የት ላይ ጠፋ? መጀመሪያ ማንን እንጠይቅ? ብራውዘሩን? አይደለም። የዴስክቶፑን ሴቲንግ? አይደለም። ከርነሉን ነው! መጀመሪያ ከርነሉን ጠይቁ። እንደገና እላለሁ፣ መጀመሪያ ከርነሉን ጠይቁ። ምክንያቱም ከርነሉ ካልሰማ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ሊሰማ አይችልም፤ እዚያ ላይ የምታጠፉት ሰዓት በከንቱ ነው።

እንዴት እንጠይቀው? ሊብኢንፑት አብሮት የሚመጣ የመከታተያ ትእዛዝ አለው፤ "ሊብኢንፑት ዲበግ ኢቨንትስ" ይባላል። በብዙዎቹ ስርጭቶች፣ ማለትም በተለያዩት የሊኑክስ ዓይነቶች፣ የሊብኢንፑት መሣሪያዎች በሚል ለብቻው በተዘጋጀ ጥቅል ውስጥ ይገኛል። የአስተዳዳሪ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከፊቱ ሱዶ ጨምሩበት። ስታስጀምሩት መጀመሪያ የተሰኩትን መሣሪያዎች ሁሉ ይዘረዝራል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። አሁን እጃችሁ ማውሱን እንዳያነቃንቀው ቀስ አድርጋችሁ የጎን ቁልፉን ተጫኑ። ማውሱ ከተነቃነቀ የእንቅስቃሴው መስመሮች ገጹን ያጥለቀልቁትና የምትፈልጓት መስመር ትሰወራለች። ቁልፉ ከተሰማ አንዲት መስመር ትወጣለች፦ የመሣሪያው ስም፣ ጊዜው፣ "ቢቲኤን ሳይድ"፣ በቅንፍ ውስጥ 275፣ ከዚያ "ፕረስድ"። ጣታችሁን ስታነሡ ሁለተኛዋ መስመር፣ "ሪሊዝድ"። ሁለት መስመር፣ አንድ ሲወርድ አንድ ሲነሣ።

እነዚያን ሁለት መስመሮች ያየሁበትን ቀን አልረሳውም። ለስንት ጊዜ "ሞቷል" ያልኩት ቁልፍ ስጫነው ስሙን እየተናገረ ነው! እኔ ነበርኩ የተሳሳተ ቦታ ላይ የማዳምጠው።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ሦስት ዓይነት መልስ ይመጣል።

አንዱ መልስ ዝምታ ነው። ስትጫኑት ምንም አይወጣም። ያኔ "ተበላሽቷል" ለማለት አትቸኩሉ። አንዳንድ ቁልፍ ሥራው እዚያው ማውሱ ውስጥ ያልቃል። ጠቋሚው ፈጠን ወይም ዘግየት እንዲል የሚያደርገው፣ መሃል ላይ ያለው ትንሽ ቁልፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ የማውሱን ፍጥነት ይቀይርና ለኮምፒውተሩ ቁልፍ ተጫነ ብሎ አይናገርም። ሌሎች ደግሞ በአምራቹ የራሱ ቋንቋ ካልተጠየቁ አይናገሩም፤ ለእነዚህ መፍትሔ አለ፣ እመለስበታለሁ። ሦስተኛው ግን እውነተኛ ብልሽት ነው። አንድ ጊዜ በዝምተኛ ቁልፍ ምክንያት ሙሉውን ስርዓት አጥፍቼ ሌላ ስርጭት ጫንኩ። አሁንም ዝም። ሌላ ስርጭት። አሁንም ዝም። በመጨረሻ ማውሱን ነቅዬ ሌላ ስርዓት ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት፤ እዚያም ዝም! ከፍቼ ሳየው ውስጡ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ተሰንጥቃለች። ሁለት ስርጭት ከመጫኔ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ይህን አንድ ነገር ነበር። ዝም ያለ ቁልፍ ሲገጥማችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የዝምታ ተቃራኒ የሆነም አለ። አንድ ጊዜ ስትጫኑት ሁለት ጊዜ የሚመልስ፣ "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት" የሚባለው ዓይነት። ይህ የማብሪያዋ ማርጀት ምልክት ነው። ሊብኢንፑት እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ለይቶ የሚያጣራበት ዘዴ ስላለው ለጊዜው ያስታግሰዋል፤ መዳኛው ግን ማብሪያዋን መቀየር ነው።

ሁለተኛው መልስ ያልጠበቃችሁት ንግግር ነው። ይህ በጣም ብዙ ሰው ያሳስታል። የጎን ቁልፉን ትጫኑታላችሁ፤ የሚወጣው መስመር ግን "ቢቲኤን" አይልም፤ የኪቦርድ ቁልፍ እንደተጫነ ይናገራል። እንዴት? ማውሱ ሲሰካ እንደ ሁለት መሣሪያ ስለሚቀርብ ነው፤ አንዱ ማውስ፣ ሌላው ኪቦርድ። ጎናቸው ላይ የቁጥር ሰሌዳ የመሰለ የቁልፍ መደዳ ያላቸውን ማውሶች አይታችሁ ይሆናል፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት እንዲህ ነው። አንድ ወጣት ወንድማችን እንዲህ ያለ ማውስ ይዞ መጣልኝ። ኢቭቴስት በሚባለው ሌላ መከታተያ ሲያዳምጠው ከርሟል፤ ቁልፎቹ ሁሉ ዝም። ኢቭቴስት አንድ መሣሪያ ምረጥ ይላል፤ እሱ ደግሞ "ማውስ" የሚለውን ይመርጣል። ምን ያድርግ? ማንም ቢሆን ማውስ የሚለውን ነው የሚመርጠው። ከዝርዝሩ በዚያው ስም "ኪቦርድ" የሚል ሌላ መሣሪያ አሳየሁት። መረጠው፣ ተጫነው፤ ቁልፎቹ በሙሉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ቀና ብሎ አየኝና "እስካሁን በሌላው በር ነበር የምጠብቃቸው" አለ። ልክ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ጊዜ በሚያዳምጠው በሊብኢንፑት ጀምሩ የምላችሁም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መልስ ከሁሉም የሚቀለው ነው። ከርነሉ ይሰማል፣ ማሳያ አገልጋዩም ይሰማል፣ ፕሮግራሙ ግን ለዚያ ቁልፍ ሥራ አልሰጠውም። ፋየርፎክስና ክሮሚየም በጎን ቁልፎቹ ወደ ቀደመው ገጽ ይመለሳሉ፣ ወደ ተከታዩም ይሄዳሉ፤ ፋይል ማቀናበሪያዎችም እንዲሁ። ጽሑፍ ማዘጋጃው ግን ላያውቃቸው ይችላል። በኤክስ ላይ ከሆናችሁ "ኤክስኢቪ"፣ በዌይላንድ ላይ ከሆናችሁ "ዌቭ" የምትባል ትንሽ መስኮት አለች፤ እሷ ላይ ስትጫኑ ቁጥሩ ከታየ መንገዱ እስከ ጫፉ ክፍት ነው ማለት ነው። የቀረው ሥራ መስጠት ብቻ ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥቤ መጣሁ። ሥራ እንስጠው።

እዚህ ላይ የአንድ ታላቅ ባልደረባዬን ታሪክ ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ተርጓሚ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሰነድ ወደ ሌላው ቃል ሲያመላልሱ ይውላሉ። ሊኑክስ ላይ ጽሑፍ ስታደምቁ ኮፒ ሳትሉት እንደሚያዝ፣ መሃለኛውን ቁልፍ ስትጫኑ ደግሞ እንደሚለጠፍ ታውቃላችሁ። እሳቸው በዚህ ነው የሚሠሩት። የእሳቸው ማውስ መሃለኛ ቁልፍ መሽከርከሪያው ራሱ ነው፤ ያውም ድርቅ ያለ። አንድ ጠዋት አመልካች ጣታቸውን በፋሻ አስረው አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ጣትዎን ምን ነካዎት?"

"ልጄ፣ ይህን መሽከርከሪያ ስጫን ይቆረጥመኛል። እስኪሻለኝ በግራ እጄ ልሞክር ነው።"

ማውሳቸውን አየሁት። በአውራ ጣታቸው ሥር ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አቧራ ጠጥተዋል፣ ተነክተው አያውቁም። አያችሁ፣ ይህን ጉዳይ እንደ ትርፍ ነገር የሚቆጥር ሰው ሲገጥመኝ የሚታወሰኝ ያ ፋሻ ነው። በቀን ስንት ጊዜ ነው የምንጫነው? ያን ሁሉ ጫና አንድ ጣት ብቻ ለምን ይሸከም?

የተደረገውን ልንገራችሁ። በኤክስ ላይ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። "ኤክስኢንፑት" የሚባለው ትእዛዝ የማውሱን መለያ ቁጥር ይነግራችኋል፤ ከዚያ የቁልፎቹን ቅደም ተከተል እንደገና ትጽፉለታላችሁ፦ 1፣ 2፣ 3 እያላችሁ ስምንተኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ በ8 ፋንታ 2 ትጽፋላችሁ። 2 ማለት መሃለኛው ነው። ወዲያው ይሠራል። ማውሱን ነቅላችሁ ስትሰኩት ግን ይረሳል፤ ቋሚ እንዲሆን በኤክስ የማዋቀሪያ ማኅደር ውስጥ "በተን ማፒንግ" በሚለው አማራጭ ማስፈር ያስፈልጋል።

እሳቸው ግን የሚሠሩት በዌይላንድ ላይ ነው። ብዙዎቻችሁም እንደዚያው። ኤክስ ላይ ቁልፍ ለማዳመጥና ለመላክ የለመድናቸው ኤክስባይንድኪስና ኤክስዱቱል ዌይላንድ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ያጥራል። ሰው ይህን ሲያይ ይናደዳል፤ እኔም ተናድጄ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፤ አንድ ፕሮግራም በሌላው ፕሮግራም ላይ የምትጫኑትን ቁልፍ ሁሉ መስማት ይገባዋል? የይለፍ ቃላችሁን ስትጽፉስ? ዌይላንድ ይህን በር ዘግቷል፤ መዝጋቱም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ሥራውን ወይ ዴስክቶፑ ራሱ ይሥራው፣ ወይ ከማሳያ አገልጋዩ በታች ወርደን እንሥራው። ኬዲኢ ፕላዝማ የሚባለው ዴስክቶፕ ከ5.26 ጀምሮ ተጨማሪ የማውስ ቁልፎችን ከሴቲንጉ ለመቀየር ያስችላል። ኬዲኢ የምትጠቀሙ መጀመሪያ እዚያ ሂዱ፤ ምናልባት ከዚህ በኋላ የምናገረው ጨርሶ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ለባልደረባዬ ወደ ታች ወረድን። ዩደቭ የሚባለው የመሣሪያ አስተዳዳሪ የሃርድዌር መዝገብ አለው፤ በዚያ መዝገብ ላይ "ይህ ማውስ አራተኛ ቁልፉ ሲጫን መሃለኛው እንደተጫነ ቁጠረው" ማለት ይቻላል። የሚጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነው! የመጀመሪያው መስመር ማውሱን የሚለይ ነው፦ የግንኙነቱ ዓይነት፣ የአምራቹ ቁጥር፣ የምርቱ ቁጥር። ሁለተኛው መስመር በአንድ ባዶ ቦታ ይጀምርና የቁልፉን ኮድ ከአዲሱ ስሙ ጋር ያገናኛል። ኮዱን ከየት እናመጣለን? ኢቭቴስትን አስጀምራችሁ ቁልፉን ስትጫኑ ከ275 በፊት "ስካን" የሚል መስመር ይወጣል፤ አጠገቡ 90004 ይላል። 9 ማለት በዩኤስቢ የመሣሪያዎች ሠንጠረዥ "የቁልፎች ገጽ" ነው፤ መጨረሻዋ 4 ደግሞ አራተኛው ቁልፍ። ያ ማውሱ ራሱን የሚጠራበት ስም ነው፤ ቅድም ያነሣነው። ከዚያ ይህን የሃርድዌር መዝገብ የሚያድሰውን የሲስተምዲ ትእዛዝ ትሰጣላችሁ፣ ማውሱን ነቅላችሁ ትሰካላችሁ፣ አለቀ።

አንድ ምሽት ሙሉ የበላብኝን ወጥመድ ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ ምክንያቱም ምንም የስሕተት መልእክት አይሰጥም፣ ዝም ብሎ እምቢ ይላል። ኢቭቴስት የአምራቹን ቁጥር ሲያሳይ በትንንሽ ፊደላት ነው፤ ከፊት ያለውንም ዜሮ ይጥለዋል። መዝገቡ ግን አራት አኃዝ የሞላ፣ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ ይፈልጋል። የሎጂቴክ ቁጥር ለምሳሌ ኢቭቴስት ላይ 4፣ 6፣ ትንሿ ዲ ሆኖ ይታያል፤ መዝገቡ ላይ ግን 0፣ 4፣ 6፣ ትልቋ ዲ ተብሎ መጻፍ አለበት። አዲሱ የቁልፍ ስም በበኩሉ በትንንሽ ፊደላት። በብሉቱዝ የሚሠራ ማውስ ከሆነ ደግሞ የግንኙነቱ ቁጥር 3 መሆኑ ይቀርና 5 ይሆናል፤ በሁለቱም የሚሠራ ከሆነ ለሁለቱም መጻፍ ነው።

ማውሱን መልሼ ሰካሁላቸው። አንድ ቃል አደመቁ፣ ወደ ሌላው ሰነድ ሄዱ፣ አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉ። ቃሉ መጣ። ምንም አልተናገሩም። እንደገና አደረጉት። ሦስተኛ ጊዜ አደረጉት። ከዚያ ማውሱን አንሥተው ጎኑን አዩና "ልጄ፣ ሁለተኛይቱስ ምን ልትሠራ ትችላለች?" አሉኝ።

ጥያቄያቸው ወደ ሌሎቹ መንገዶች ይወስደናል። ቁልፉ አንድ ሌላ ቁልፍ እንዲሆን ብቻ ሳይሆን "ኮንትሮል ሲ" እንዲል፣ ወይም የቁልፎች ቅንብር እንዲልክ ከፈለጋችሁ፣ ኢንፑት ሪማፐር የሚባል ፕሮግራም አለ። የማውሱን ንግግር ከከርነሉ በቀጥታ ይቀበላል፣ የምትፈልጉትን ቀይሮ በምናባዊ መሣሪያ በኩል መልሶ ይለቀዋል። መስኮት ስላለው ፋይል መጻፍ አያስፈልግም፤ በኤክስም በዌይላንድም ይሠራል። በአንጻሩ ከበስተጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ አገልግሎት ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው እኔ ለአንድ ቀላል ቅያሪ የሃርድዌር መዝገቡን የምመርጠው። አንዴ ጻፉት፣ እርሱት።

ቅድም እመለስበታለሁ ወዳልኳችሁ፣ በአምራቹ ቋንቋ ካልተጠየቁ ወደማይናገሩት ቁልፎች ልምጣ። ለእነሱ ፓይፐር አለ። ፓይፐር የማውሳችሁን ሥዕል ያወጣና ከእያንዳንዱ ቁልፍ መስመር ስቦ ሥራውን ያሳያችኋል። ከበስተጀርባው ራትባግዲ የሚባለው አገልግሎት የአምራቹን ቋንቋ ተናግሮ ለውጡን የሚጽፈው ማውሱ ራሱ ውስጥ ባለው ማኅደረ ትውስታ ላይ ነው። ስለዚህ ማውሱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩትም ለውጡ አብሮት ይሄዳል። ለሎጂቴክ ደግሞ ሶላር አለ፤ በተለይ ገመድ ለሌላቸው ማውሶች። ሁለቱም የሚያውቁት የተወሰኑ ማውሶችን ነው፤ ማውስ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ሞዴሉ የፓይፐር መሠረት የሆነው ሊብራትባግ በሚደግፋቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ እዩ።

እነዚህን መሣሪያዎች የጻፉልን ሰዎች ብዙ ማውሶችን ያለ አምራቹ ርዳታ፣ የሚላከውን ባይት አንድ በአንድ እየተመለከቱ ነው ቋንቋቸውን የተማሩት። ስለዚህ ማውሳችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ "አይሠራም" ብላችሁ አትለፉት፤ የመከታተያውን ውጤት ለእነሱ አድርሱላቸው። ያቺ ሁለት መስመር ለሌላ ሰው ጣት ትደርሳለች።

ንግግሬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሥራው ግን ገና ሊጀመር ነው። እዚህ ፊት ለፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ መከታተያውን ከፍቼዋለሁ፣ እየጠበቀ ነው። "አይሠሩም" ያልከው ወንድሜ፣ ማውስህን ይዘህ ና፤ አንተው ጀምርልን። እዚህ ጋ ሰካው። እጅህን አታነቃንቅ፤ አውራ ጣትህን ብቻ ጫን አድርግ።

ሁላችሁም ገጹን ተመልከቱ።